የተጫወተው ይረሳል

በአቀባበል መሥሪያ ቤቱ መግቢያ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይበራሉ። የመጀመሪያው የግድቡ ውሃ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይናገራል፤ ሁለተኛው በዚያ ሳምንት ስንት ሥራ እንደሚጠረግ። አንደኛው ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ሠራተኞቹ ካርዳቸውን አስነክተው ሲገቡ ቀና ብለው የሚያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ከእሱ ተነሥቶ መገመት አያስቸግርም።

አርሴማ ሁለቱንም ታያለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ያሳለፈችው እዚሁ ቤት፣ በሰው ምስክርነት ነው። ሥራ ስትጀምር ካርዷ ላይ «ሐያሲ» የሚል ቃል ነበር። ካርዱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲታደስ ቃሉ ወጣ። የወጣበትን ምክንያት አልጠየቀችም፤ ቢጠየቅም የሚመልስ ሰው ያለበት ክፍል አልነበረም።

በከተማው የሚሠራ ፊልም፣ ዘፈንም ሆነ ጨዋታ የሚቀመጠው በግድቡ ውሃ በሚቀዘቅዙ አዳራሾች ውስጥ ነው። ውሃው ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ አዲስ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ ለአራት መቶ ሺህ ተመልካቾች ይቀርባል። ተመልካቾቹ ሰዎች አይደሉም፤ ይስቃሉ፣ ይሰለቻሉ፣ ያለቅሳሉ፣ የየራሳቸውን አስተያየት ይጽፋሉ፣ ይህን ሁሉ ግን ከጠዋት እስከ ምሳ ይጨርሱታል። አንድ የቆየ አንቀጽ ብቻ ሳይሻር ቀርቶ ማንኛውም ሥራ ከመጠረጉ በፊት አንድ ሰው ሊያየው ይገባል ይላል። ለዚህ አንቀጽ ሲባል ከተማው አሥራ አንድ ምስክሮች አሉት። ተቀባይነት ያጣው ዓርብ ከሰዓት ይጠረጋል፤ ሠሪውም ቅጂ እንዳያስቀር መሣሪያው አብሮ ይታጠባል።

ሰኞ ጠዋት አርሴማ ስትገባ አንድ ሰውዬ እንግዳ ተቀባይዋን ቀስ ባለ ድምፅ ሲሞግት አገኘችው። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ተገልብጦ እንደገና የተሰፋ ነው። እንዲህ ያለ ኮሌታ ካየች ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት አልቀረም።

«ስሙ ተሳስቷል» ይላል ሰውዬው። «‘ሰፊ ሰፈር’ ያልኩት ትልቅ ለማለት አይደለም።»

«ታዲያ ምን ለማለት ነው?»

«ልብስ ሰፊ። የልብስ ሰፊዎች ሰፈር።»

እንግዳ ተቀባይዋ መዝገቡን አየች። «‘ሜዳና ገላጣ ቦታ’ ውስጥ ነው የገባው።»

«ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጉራንጉር ነበርኮ፣ የኔ እህት። ወፍራም ሰው ሲመጣ ቀጭኑ ነበር ወደ ኋላ የሚመለሰው።»

አርሴማ ሳታስበው ሳቀች። ሰውዬውም ዞሮ አያት፤ እሱ ግን አልሳቀም። ስሙ ሙኒር ይባላል። ጨዋታው ደግሞ የዚያ ሳምንት ድርሻዋ ነበር።

አራተኛው የምስክር ክፍል መስኮት የለውም። አምባሯን ስታጠልቅ ክፍሉ «ውድ ምስክር፣ እንኳን ደህና መጡ» አላት፤ ሁልጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው። ለአንድ ሥራ ሦስት ቀን ይፈቀዳል። አብዛኛውን በግማሽ ቀን ስለምትጨርሰው የቀረውን ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ታሳልፋለች።

«ሰፊ ሰፈር» ድሮ ገና ተማሪ ሳለች የምታውቃቸው ዓይነት ጨዋታ ነበር። የሚገደል የለም፤ የሚሮጥም የለም። ሥዕሉ ቆሞ ይጠብቃል። ተጫዋቹ ጠቋሚዋን ቀስት ወደፈለገው ነገር ወስዶ ሲጫን ነገሩ ይናገራል። ሥዕሎቹ በእርሳስና በውሃ ቀለም በእጅ የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንዱ ላይ የወረቀቱ መኮማተር ሳይቀር ይታያል። ሙኒር በማመልከቻው ላይ አሥራ አንድ ዓመት እንደፈጀበት ጽፏል። ለምን ይህን ያህል እንደፈጀ እንዲያብራራ ለሚጠይቀው ሣጥን «ብቻዬን ነኝ» ብሎ መልሷል።

የከሰል ካውያውን ተጫነችው። አንድ ሽማግሌ በጎረነነ ድምፅ፣ ካውያ ሳይግል የሚተኩስ ሰው ሚስቱንም ሳይጠይቅ የሚያገባ ነው አለ። ጨርቅ የሚሰመርበትን የሳሙና ስባሪ ስትጫን ሁለት ሴቶች ማን ሰረቀብኝ፣ ማን ሰረቀብሽ ተባባሉ። ድምፆቹ የተዋናይ አልነበሩም። ሰፈሩ የፈረሰው ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ነው፤ አሁን በላዩ ላይ የብስክሌት መንገድና አንድ ዓይነት ዛፎች አሉ። ሙኒር የመጨረሻውን ወር በስልኩ እየዞረ የቀረጸው ነበር። ከተናጋሪዎቹ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። የሙኒር እናት ዘሃራ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባለቤቱ መጥቶ ያልወሰደው አንድ ግራጫ ካፖርት ሱቋ ውስጥ ተሰቅሏል። ሰፈሩ በማግሥቱ ይነሣል። ተጫዋቹ የካፖርቱን ባለቤት ፍለጋ ከበር በር ይዞራል። ሁሉም ስለ ራሱ ጉዳይ ያወራል፤ ስለ ካፖርቱ የሚያውቅ የለም። አርሴማ የልኩን ደብተር አገላበጠች፤ የትከሻውን ቁጥር ከሰው ሁሉ ትከሻ ጋር አስተያየች፤ ጉራንጉሩን አራት ጊዜ ወጣች ወረደች። አምባሯ ምሳ እንዳልበላች ሦስት ጊዜ አስታወሳት። በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ላይ ባዶ እጇን ወደ ዘሃራ ሱቅ ስትመለስ ሴትየዋ ካፖርቱን ከግድግዳው አወረደችና እስቲ ልበሺው አለቻት። አርሴማ እጅጌውን ተጫነችው። የሚገባው ክንድ በሥዕሉ ላይ የተጫዋቹ ነው። ክንዱ ሲገባ ቀኝ ብብቱ ሥር ስፌቱ ተረተረ። ያኔ ዘሃራ፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች በሚያስታውቅ አነጋገር፣ «አይዞሽ፣ ይሰፋል» አለች።

«ይሰፋል» ያለችው አጥብቃ ነው፤ በመርፌና በክር የሚሰፋውን። መርፌዋ ጨርቁን ወጋች። ጨዋታው በዚያው አበቃ።

ክፍሉ «ውድ ምስክር፣ ዕረፍት ይፈልጋሉ?» አላት። አርሴማ ተነሥታ አሥራ አንድ ገጽ ጻፈች። ስለ ሥዕሉ፣ እንቆቅልሹ ሆን ተብሎ መልስ አልባ ስለመሆኑ፣ ድምፆቹን ያለ ሙዚቃ መተው ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ጻፈች። ይህን የሚያነብ እንደሌለ ታውቃለች፤ ገጾቹ ዓርብ ዓርብ ከሥራው ጋር ይጠረጋሉ። የሚነበበው የፍርድ መስመሩ ነው። የፍርድ መስመር ከአሥራ ሁለት ፊደል መብለጥ አይችልም። ደንቡ የወጣው ውሃ ለመቆጠብ ነው ይባላል።

መጀመሪያ የጻፈችው «የተጫወተው ሰው ሰዓቱን ይረሳል» የሚል ነበር። አሥራ ስድስት ፊደል ሆነ። ሣጥኑ ቀላ። «ሰው»ን አወጣች፤ አሁንም ቀይ ነው። «ሰዓቱን» አወጣች። አሥር ፊደል ቀረና ሣጥኑ አረንጓዴ ሆነ። ቃሏን በልቧ አንብባ፣ በቂ ነው ብላ ፈረመች። ለሥራ ያላትን ትልቁን አክብሮት የሰጠች መሰላት።

ረቡዕ ጠዋት ውጤቱ ወጣ። አራት መቶ ሺዎቹ እኩል ለእኩል ተከፍለው ነበር። ግማሾቹ «በእጅ የተሳለው ዓለም ልብ ይነካል»፣ «ድምፆቹ ከአእምሮ አይጠፉም» ብለዋል። ግማሾቹ «አካሄዱ ይንቀራፈፋል»፣ «እንቆቅልሹ መፍትሔ የለውም»፣ «ለተጫዋቹ ምንም ሽልማት አይሰጥም» ብለዋል። እንዲህ ሲሆን ሚዛኑን የሚደፋው የሰው ምስክር ቃል ነው። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «የሰው ምስክር ፍርድ፦ የሚረሳ ሥራ። ውሳኔ፦ ይጠረግ።»

አርሴማ ስህተቱ የሌላ ሰው ፍርድ መግባቱ መሰላት። ያቀረበችውን ከፍታ ስታየው የራሷ ነው፤ የተጫወተው ይረሳል። ላልቶ ሲነበብ ሰዓቱን የሚረሳ ተጫዋች አለ። ጠብቆ ሲነበብ ግን ተጫዋቹ ይጠፋና የተጫወተው ነገር፣ ጨዋታው፣ ይረሳል። ሁለቱም አማርኛ ናቸው። የፍርድ መስመሩን የሚያነበው ማሽን ሰው ይበልጥ ይለዋል ብሎ የገመተውን መርጧል።

የክፍሉ ኃላፊ ሚኪያስ ነው። ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል፤ በዚያ ዘመን ግጥም ይጽፍ ነበር፤ አሁን የሚጽፈው ማስታወሻ ነው። ስትነግረው ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር አለፈ።

«ለመሆኑ በአማርኛ መጻፍ ከጀመርሽ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አታላግጥ።»

«እያላገጥኩ አይደለም። የጥንቶቹ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ ይጥሉ ነበር፤ እኛ ሰነፍን።»

መጥቼ በድምፄ ላንብበው አለችው፤ አንዴ ከሰማ ማንም ይገባዋል። ሚኪያስ ደንቡ የሚያውቀው የተጻፈውን እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። የማረሚያ ቅጽ ነው፤ በዚያ ቤት በወረቀት የቀረው ቅጽ እሱ ብቻ ነበር፤ የሚሞላው ስለሌለ ወደ ሌላ ለመቀየር ማንም አልደከመም።

«ሙዪውና ጨዋታው ይተርፋል» አላት። «ግን የታችኛውን መስመር አንብቢ።»

አነበበችው። አሻሚ ቃል የሰጠ ምስክር ቀድሞ የሰጠው ቃል በሙሉ ዋጋ ያጣል ይላል። በእሷ ቃል ሚዛናቸው ደፍቶ የተረፉ ሥራዎች እንደገና ይታያሉ። ሚኪያስ አርባ ሦስት ናቸው አለ። እንደገና መታየት ማለት በዚህ ዓመት የውሃ መጠን ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት አልሞከረም። ዝርዝሩን ብቻ ያነብላት ጀመር። የአርባ ምንጮቹ እኅትማማቾች የጀልባ ታሪክ። የዓይነ ስውሩ ሰውዬ ጨዋታ፣ ሥዕል የሌለው፣ በኮቴ ድምፅ ብቻ ቤት የሚፈለግበት። አንድ የጋምቤላ ልጅ ሠርታው ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም ሳትሠራ የሞተችበት ሥራ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ በቃ አለችው።

«እስከ ነገ አሥር ሰዓት» አለ ሚኪያስ። ዝቅ አድርጎም፣ «እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አትጠይቂኝ፣ አርሲ። እኔ ብሆን ቀድሞውኑ ‘ግሩም ነው’ ብዬ ነበር የምጽፈው። አምስት ፊደል ነው።»

ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሙኒርን የሕንፃው በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ስሟን ከፍርዱ ሥር አንብቦ ነው የመጣው። ሊሳደብ የመጣ መስሏት ነበር፤ እሱ ግን አክብሮ ሰላም ካላት በኋላ ሰኞ ዕለት ለምን እንደሳቀች ጠየቃት። ወፍራሙ ሰው ነው አለችው። ሰውዬው እውነተኛ እንደነበረ፣ ሐጂ ከማል እንደሚባል፣ ጨዋታው ውስጥ ሦስተኛው በር ላይ እንደሚገኝ ነገራት። አግኝቻቸዋለሁ አለች። ከዚያ በሕንፃው ግንብ ጥላ ሥር ቆመው የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ ስለ አሥራ ሁለቱ ፊደል፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ አርባ ሦስቱ። ምንም አልደበቀችም።

ሙኒር መሬት መሬት እያየ ሰማት። «እንዳሰቡት አድርገው አንዴ ይበሉት እስቲ» አላት።

አላልታ አለችለት።

«ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር» አለ።

ምን ላድርግ ብላ ጠየቀችው። ይህን መጠየቅ እንደማይገባት ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ታወቃት። ሙኒር ራሱን ነቀነቀ። እኔን አይጠይቁኝ አላት፤ ይሙሉት ብል የአርባ ሦስት ሰው ሥራ በአንገቴ ነው፤ ይተዉት ብል እናቴን በእጄ ቀበርኳት። አንድ ነገር ብቻ ለመናት። መሣሪያው ከረቡዕ ጀምሮ ታሽጓል፤ እሱ ሊከፍተው አይችልም። እሷ ግን የሦስት ቀን ፈቃድ አላት፤ የተጠቀመችበት ሁለቱን ብቻ ነው።

«ገብተው ይስሟት» አለ። «ከመጥረጋቸው በፊት ሰው የሰማት ትሁን።»

አርሴማ ስምንት ሰዓት ላይ አምባሯን አጠለቀች። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ብዕሯንም ከጎኑ አኖረች። ከዚያ ጉራንጉሩ ውስጥ ገባች። በዚህኛው ጊዜ ምንም አልፈለገችም። እያንዳንዱን በር፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ጨርቅ ተጫነች፤ ሐጂ ከማልን ሁለት ጊዜ። ቅጹን ለመሙላት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አየች። ዘጠኝ ተኩል ሲሆንም አየች። ስለ ዓይነ ስውሩ ሰውዬ አሰበች፤ ቤቱን ሲያገኝ የሚሰማውን የቁልፍ ድምፅ አሰበች። አሥር ሰዓት ሲሞላ ካፖርቱ ፊት ቆማ ነበር፤ አምባሯም ሰዓቱን ነገራት። በዚህኛው ጊዜ ሰዓቱን አልረሳችም። አሥር ከአምስት እስኪሆን ጠበቀችና እጅጌውን ተጫነችው።

ዘሃራ ያለችውን አለች። አርሴማ ባልተሞላው ቅጽ ጀርባ ላይ «አይዞሽ፣ ይሰፋል» ብላ ጻፈች። ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ ነበርና ምንም ምልክት አላደረገችበትም።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሕንፃው መብራት ለአፍታ ደከም ብሎ ተመለሰ። እሷ በዚያን ጊዜ ስለ አንድ የሠርግ ፊልም እየጻፈች ነበር። «ግሩም ነው» ብላ ፈረመች።

ክረምቱ መጥቶ አለፈ። ግድቡ ሁለት ሜትር ከፍ አለ፤ የሚጠረገው ግን ብዙም አልቀነሰም፤ የሚሠራው ጨምሮ ነበር። አርሴማ ቅጹን መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች። መጀመሪያ ሰሞን በየጠዋቱ ታየው ነበር፤ ኋላ በየሳምንቱ፤ ኋላ መኖሩን ማወቁ በቃት። አንዳንዴ የሽማግሌውን የካውያ ቀልድ ለራሷ ልትነግረው ትጀምርና መሃሉ ይጠፋባታል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሙኒር መጣ። ከስቷል፤ ፀሐይ አጥቁሮታል። የመንገድ ዛፎች ከሚያጠጡት ጓድ ጋር ተቀጥሬያለሁ አለ። የብስክሌቱ መንገድም የእነሱ ቀጠና ውስጥ ነው። ይህን ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም። ሊጠይቃት የመጣው አንድ ነገር እንደሆነና እንደሚያፍርበትም ነገራት።

«የእናቴ የመጨረሻ ቃል» አላት። «ቃሉ አልጠፋኝም። ሺህ ጊዜ በአፌ ስለው የኔ ድምፅ ሸፈነው መሰለኝ። አሁን እንዴት እንዳለችው አላውቅም። እርስዎ ምስክር ነዎት።»

አርሴማ መሳቢያውን ከፍታ ቅጹን አወጣች። ጽሕፈቷ ግልጽ ነው፤ አንድ ፊደል እንኳ አልደበዘዘም። አይዞሽ፣ ይሰፋል። ልታነብለት አፏን ከፈተችና ቆመች። ካፖርቱን አስታወሰች፤ ግራጫ ነው። ክንዱ ሲገባ አስታወሰች። ጠቦ ነበር? ጠቦ ከነበረ ሴትየዋ ይሰፋል፣ ይለቃል ማለቷ ነው። ወይስ የሆነ ነገር ተቀዶ ነበር? መርፌ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ቤት ግን መቼም መርፌ አይጠፋም። ጆሮዋን ብትጠይቀው የራሷን ድምፅ መለሰላት። መዝገቡ «ሜዳና ገላጣ ቦታ» ይል እንደነበር ግን አስታወሰች። ሙኒር ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቃል።

«አይዞሽ፣ ይሰፋል» አለች። ላልቶ ወጣ።

ሙኒር ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። «እንደዚህ ነበር?»

«እንደዚህ ነበር።»

አመሰገናት። እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እሷ እንዳለችው አላልቶ፣ እንዳይጠፋበት ቀስ ብሎ እየደገመው ወጣ።